ጋሼ በክራቫት የወረዱት ፏፏቴ

ያን ጊዜ የምኖረው አፍንጮ በር፣ እህቴ ቤት ነበር። እናትና አባታችን ተከታትለው ሲሞቱብን እሷ ትዳር ይዛ ነበርና እኔን ከነሻንጣዬ ወሰደችኝ። በዕድሜ ብዙ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ፤ ባሏን ደግሞ ጋሼ። ጋሼ አምስት ኪሎ ካለ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው ክራቫት ሳያስሩ እንኳን መሥሪያ ቤት ለቅሶ የማይሄዱ ሰው። ከኔ ጋር እምብዛም አያወሩም። የሚፈልጉትን ለእትዬ ይነግሯታል፣ እሷ ለኔ ታስተላልፋለች። "ውኃ አምጪ" እንኳ የሚመጣልኝ በእሷ በኩል ነበር። ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም፤ ብቻ ቤታቸው ውስጥ እንደ እንግዳ ዕቃ የተቀመጥኩ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ፒያሳ ውስጥ አንድ የጨርቅ መደብር ተቀጥሬ፣ ከባንኮኒው ኋላ ቆሜ ፖፕሊንና ከፋይ እየለካሁ እቆርጥ ነበር። ከሱቃችን ጎን ጋራዥ አለ። ባለቤቱ ጣልያን ነው፤ በወረራው ጊዜ መንገድ ሊሠራ መጥቶ፣ ወገኖቹ ተባረው ሲሄዱ እሱ እዚሁ የቀረ። ሰፈሩ በሙሉ "ሙሴ" ይለዋል። አማርኛ ጥሩ ይችላል፣ ግን ሴትና ወንድ አይለይም፤ "እርስዎ" የሚባለው ነገርም ስላልገባው ሽማግሌውንም ሴቱንም "አንተ" ይላል። እኛም አንተ እንለዋለን። ማንም አይቀየምም።

ሙሴ የተወለደው በረዶ ከማይጠፋበት ተራራ ሥር ነው። በወጣትነቱ ከአጎቶቹ ጋር ገመድ እያሰረ ፏፏቴ ይወርድ ነበርና ይህ አመሉ ተከትሎት መጣ። ክረምት አልፎ ወንዞች መጥራት ሲጀምሩ፣ እሑድ እሑድ አሮጌ ካሚዮኑን አስነሥቶ ከሱሉልታ ሜዳ ወዲያ ወዳለ ገደል ይሄዳል። እዚያ ወንዙ ሜዳውን ሲጨርስ ድንገት መሬት ይከዳውና ወደ ሸለቆው ይወርዳል። የሚወርደው ባንድ ጊዜ አይደለም፤ አንዱ ፏፏቴ ለሌላው እያቀበለ ነው። በመካከሉም ውኃው ስንት ዘመን ሲልሰው ኖሮ እንደ መስታወት ያለሰለሰው ድንጋይ አለ። ቁጭ ብሎ ራስን መልቀቅ ነው፤ ውኃው ራሱ አንሸራቶ ኩሬ ውስጥ ይከታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲያልቅ ሙሴ ገመዱን ከጋራዡ ፎቅ የእንጨት ሰገነት ላይ ያስርና አብሮት የሚሠራውን መካኒክ ያለማምደዋል። መካኒኩ ከጉራጌ አገር የመጣ፣ በሥራውም በአፉም ፈጣን የሆነ ጎልማሳ ነበር። የአራዳ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ካገኘ የትም አይሄድም፤ መንገዱን ሞልቶ ቆሞ ያያል፣ ይተርባል። አንድ ቅዳሜ እኔም ከሱቁ ደጃፍ ቆሜ ስስቅ ሙሴ አየኝ።

"አንተ ምን ትስቃለህ? ና፣ አንተ ውረድ!" አለኝ።

ለምን እንደወጣሁ ዛሬም አላውቀውም። ብቻ የመካኒኩን ትርፍ ቱታ ከቀሚሴ ላይ አጥልቄ ደረጃውን ወጣሁ። ሙሴ ወገቤን በጠፍር አሰረኝ፣ ጠፍሩ ላይ ባለው የብረት ቀለበት ገመዱን አሳለፈው፣ ከዚያም ገመዱን በትከሻዬ ላይ አዞረው። "ገመድ አንተ ይዞሃል። አንተ ገመድ አትፍራ። ወደ ኋላ ተኛ፣ እግር ግድግዳ ላይ" አለኝ። ወደ ኋላ መተኛት ነው ያቃተኝ። ሰው ሲፈራ ግድግዳውን ማቀፍ ይፈልጋል፤ እሱ ግን ልቀቂው ነው የሚለው። ለቀቅሁት። እግሬ ግድግዳውን ረገጠ፣ ገመዱ ተሳበ፣ ቆምኩ! አየር ላይ ተኝቼ ቆምኩ።

"እመቤት፣ ደረጃውን ሌባ ወሰደው እንዴ?" አለ አንዱ ከታች። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም እየሳቅሁ ወረድኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወሬው እኔን ቀድሞ አፍንጮ በር ደርሷል። እትዬ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ከፎቅ በገመድ ተንጠልጥላ ወረደች አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ እትዬ።"

"ምን ነክቶሽ?"

"ደስ ስላለኝ" አልኳት፣ አሁንም እየሳቅሁ።

አገጬን ይዛ ፊቴን አየችው። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ አልተቆጣችም። በዚያ ድፍረት አግኝቼ፣ ሙሴና መካኒኩ የፊታችን እሑድ ወደ ፏፏቴው እንደሚሄዱ፣ እኔም መሄድ እንደምፈልግ ነገርኳት። ጋሼ በጓዳው በር በኩል ተቀምጠው ጋዜጣ ያነቡ ነበር። እትዬ ወደ እሳቸው ዞረች።

"ብቻዋን ከወንዶች ጋር አትሄድም። አብረሃት ትሄዳለህ" አለቻቸው።

ጋዜጣው ቀስ ብሎ ወረደ። "ከጣልያን ጋር?" አሉ።

የጋሼን አባት በወረራው ጊዜ የገደሉት ጣልያኖች ነበሩ፤ ያውም በልጃቸው ፊት። ጋሼ በጋራዡ ፊት ላለማለፍ መንገድ ተሻግረው እንደሚሄዱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ አፍሬ "ይቅር፣ አልሄድም" አልኩ።

እትዬ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ስለ ጣልያኑ አይደለም የምነግርህ፤ ስለ ልጅቷ ነው። ከስንት ጊዜ በኋላ ስትስቅ ዛሬ አየኋት" አለች።

ጋሼ ጋዜጣውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩት። "ከዓይኔ አላጠፋትም" አሉ፣ ለእሷ።

እሑድ ማለዳ ጊዮርጊስ ኪዳን አድርሰው መጡ። ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ክራቫት፣ ባርኔጣ፣ ጃንጥላ። መካኒኩ አያቸውና አልቻለም፤ "ጋሼ፣ ፏፏቴውን ሊድሩት ነው እንዴ?" አላቸው። ፈገግ እንኳ አላሉም። ሙሴ የካሚዮኑን የፊት በር ከፍቶ እንዲገቡ ሲጋብዛቸው እንዳላዩ ሆነው ኋላ ካሮሴሪው ላይ ወጡና ትርፍ ጎማ ላይ ተቀመጡ። እኔም አብሬያቸው ተቀመጥኩ። እትዬ "በቱታ ብቻ ሰው ፊት አትቆሚም" ብላ ነጠላ ወገቤ ላይ አስታጥቃኝ ስለነበር ብርዱን በእሱ ተከላከልኩ። ጋሼ እስከ ሱሉልታ ድረስ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳዞሩ ሄዱ።

ገደሉ አፍ ስንደርስ ፀሐይዋ ሞቅ ብላ ነበር። አደይ አበባ ገና አልረገፈም። ሐሳባችን ጋሼ ምሳውን ይዘው ከላይ እንዲቀመጡ፣ እኛ ወርደን በእግር መንገድ ዞረን እንድንመለስ ነበር። ሙሴ ገመዱን በአንድ ትልቅ ወይራ ግንድ አዞረና ሁለቱንም ጫፎች ወደ ታች ወረወረ። ከዚያ አስረዳኝ፤ "ሁላችን ከወረድን በኋላ አንድ ጫፍ እንስባለን፣ ገመድ ይመጣል። ከዚያ ወደ ላይ የለም። ወደ ታች ብቻ።"

ጋሼ ሰሙት። መካኒኩን ጠሩና፣ "ከዚህ ሆኜ ልጅቷ ትታየኛለች?" አሉት።

"የመጀመሪያውን ሲወርዱ ይታያሉ፣ ጋሼ። ከዚያ ሸለቆው ይታጠፋል።"

ጃንጥላቸውን ቁጥቋጦ ሥር ሸጎጡ፣ የምሳውን አገልግል እረኞች እንዳያገኙት ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉ። ከዚያ መካኒኩን፣ "እንዴት ነው የሚታሰረው?" አሉት።

ኮት እንዲያወልቁ ብንለምናቸው እምቢ አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው ጸሎት እያደረሰ፣ ባርኔጣቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ወረዱ። ጫማቸው ድንጋዩ ላይ ሲንሸራተት፣ የፏፏቴው ፍንጣቂ ኮታቸውን ሲያርሰው አየሁ። ታች ሲደርሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። ግን ቆመው ክራቫታቸውን አስተካከሉ።

ቀጥሎ ተንሸራታቹ ድንጋይ ነበር። መካኒኩ ሄደ፤ እየጮኸ ኩሬው ውስጥ ገባ። እኔ ቀጠልኩ። ከሥሬ ድንጋዩ መኖሩን እንኳ አልሰማሁትም፤ ውኃው አቅፎ ወሰደኝ፣ ሰማዩ ዞረ፣ ቅዝቃዜው ትንፋሼን ወሰደው፣ ብቅ ስል መካኒኩ እጄን ይዞ ወደ ዳር ሳበኝ። ዞር ስል ጋሼ ከላይ ተቀምጠዋል። ሙሴ ከኋላቸው ሆኖ እየጠበቀ ነው። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ድንገት መጡ፤ ኮታቸው እንደ ክንፍ ተነሥቶ፣ ረጅም እግራቸው ወደ ፊት ተዘርግቶ፣ በአንድ እጃቸው ባርኔጣቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጨብጠው። ኩሬው ዋጣቸው። ባርኔጣው ቀድሞ ተንሳፈፈ፣ እሳቸው ቀጥለው።

ሳቁ። አፋቸውን ከፍተው፣ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ያን ያህል ዘመን አንድ ቤት ስንኖር ጋሼ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ሳቃቸው ቀጭን፣ የልጅ ሳቅ ነበር። "እህትሽ ብታየኝ!" አሉኝ። ለኔ ነው ያሉት፤ በቀጥታ፣ ለኔ።

ነጎድጓዱን የሰማነው ያኔ ነው። ከእኛ በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ሜዳው ላይ፣ ወንዙ ከሚመጣበት በኩል ግን ጠቁሯል። ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ነበር። ተከትሎን የወረደው ሙሴ ጎንበስ ብሎ ውኃውን በመዳፉ ዘገነና አየው።

"ውኃ ቀለም ቀየረ። ፈጠን፣ ፈጠን" አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ቀልድ ጠፍቶ ነበር።

የቀረው አንድ ፏፏቴ ነው፤ ከሁሉም የረዘመው። ከእሱ ሥር በስተቀኝ በኩል ከፍ ያለ መደብ አለ፤ እዚያ ከተወጣ ጎርፍ አይደርስም። መካኒኩ ቀድሞ ወረደ። ቀጥዬ እኔ ነበርኩ። ከገደሉ አጋማሽ ላይ ስደርስ ወገቤ ላይ አንዳች ነገር ጨምድዶ ያዘኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ የነጠላዬ ጫፍ ከገመዱ ጋር ተጠቅልሎ ቀለበቱ ውስጥ ገብቷል። ለመጎተት ሞከርኩ፤ የባሰ ጠበቀ። ወደ ላይ እንዳልመለስ ክብደቴ ገመዱ ላይ ነው፤ ወደ ታች እንዳልወርድ ቀለበቱ ተቀርቅሯል። ውኃው ደግሞ በየቅጽበቱ ይወፍር ጀመር። መጀመሪያ ትከሻዬን ነበር የሚመታኝ፣ ኋላ ራሴ ላይ ሆነ። አንገቴን ወደ ጎን ጠምዝዤ ነው የምተነፍሰው። የመካኒኩ አፍ ከታች ሲከፈትና ሲዘጋ አያለሁ፣ ድምፁ ግን አይሰማኝም።

ከላይ የሆነውን በኋላ ሙሴ ነው የነገረኝ። ትርፍ ገመድ ነበረው፤ ወርዶ ሊያላቅቀኝ ይችላል፣ ግን እሱን የሚያህል ወፍራም ሰው ይዞ ከላይ ማን ይቆማል? ጋሼን አያቸው። "እኔ ከባድ፣ አንተ ቀላል። አንተ እኔን መያዝ አትችልም። እኔ አንተን እችላለሁ" አላቸው። ጋሼ ጣልያኑን ዓይን ዓይኑን አዩት። ሙሴ እንዳለኝ፣ በሕይወቱ እንደዚያ ያየው ሰው የለም። ከዚያ ጋሼ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡና "እሰር" አሉት።

እኔ ያየሁት ጫማቸውን ነው። ጥቁር የመሥሪያ ቤት ጫማ፣ ከራሴ በላይ በውኃው ውስጥ። ከዚያ ሱሪያቸው፣ ከዚያ ፊታቸው ከፊቴ ጋር ትይዩ ሆነ። አሁን ዓይናቸውን አልጨፈኑም። አፋቸውን ጆሮዬ ላይ አድርገው ተናገሩኝ።

"እኔን እይኝ። ታች አትይ። እግርሽን ድንጋዩ ላይ አጽኚው።"

"ጋሼ፣ ሞትኩ!"

"አልሞትሽም። ከእናትሽ የተቀበልኩሽ ልጅ ነሽ፤ እዚህ ጥዬሽ የት እገባለሁ?"

ይህን ከዚያ በፊት ማንም አልነገረኝም። እናቴ ታማ ተኝታ ሳለ ጋሼን ጠርታ አደራ ያለቻቸው መሆኑን ኋላ ነው ከእትዬ የሰማሁት። ያን ጊዜ ግን ለማሰብም ጊዜ አልነበረም። ጋሼ ከኪሳቸው እርሳስ የሚቀርጹበትን ሰንጢ አወጡ። ገመዱ እንዳይነካ አንድ ጣታቸውን በገመዱና በስለቱ መካከል አስገብተው ነጠላውን በጥቂት በጥቂቱ ቀደዱት። ጣታቸው ሲደማ፣ ውኃውም ደሙን ወዲያው ሲያጥበው አየሁ። የመጨረሻው ክር ሲበጠስ ቀለበቱ ተላቀቀ፤ ወደ ታች ተንሸራተትኩ፤ መካኒኩ ወገቤን ያዘኝ። ጋሼን ሙሴ ቀስ እያደረገ፣ አንድም ጊዜ ሳያስደነግጣቸው አወረዳቸው። በመጨረሻ እሱ ራሱ ወረደ። መዳፎቹ በገመዱ ተልጠው ነበር።

መደቡ ላይ ወጥተን ትንፋሻችንን ሳንሰበስብ ጎርፉ መጣ። ጭቃ የመሰለ ውኃ ከነግንዱ፣ ከነድንጋዩ፣ እኛ ቅድም በቆምንበት ቦታ ላይ አለፈ። ጋሼ አማተቡ። ሙሴም አማተበ፤ በእሱ ሥርዓት። ጋሼ የሙሴን መዳፍ ሲያዩ ከኪሳቸው እርጥብ መሐረባቸውን አወጡ፣ ጨምቀው ጠቀለሉለት። እሱም የእሳቸውን ጣት አሰረላቸው።

በእግር መንገዱ ስንወጣ ገና አልጨለመም ነበር፣ ግን ብርዱ ጥርሳችንን ያንቀጫቅጨው ነበር። ከገደሉ አፋፍ አንድ የገበሬ ቤት አገኘን። ሴትዮዋ አማርኛ አትችልም። እኔ "አሁን በምን ቋንቋ ልንለምናት ነው" ስል ጋሼ በኦሮምኛ ተናገሯት፤ እንደ አገሯ ሰው። ልጅነታቸውን ያሳለፉት በዚያ አካባቢ እንደነበር እንኳ አላውቅም ነበር። ሴትዮዋ እሳቱን አነደደች፣ ለጋሼ ጋቢ አለበሰቻቸው፣ እርጥብ ክራቫታቸውን ራሷ ፈትታ ምድጃው አጠገብ ሰቀለችው። የገብስ ገንፎ በቅቤ አቀረበችልን። አራታችን ከአንድ ገበታ በላን። ሙሴ በተጠቀለለ እጁ መያዝ ስላልቻለ ጋሼ አጎረሱት። መካኒኩ አየኝ፣ እኔም አየሁት፤ አራዳው ለመጀመሪያ ጊዜ ተረብ አጣ።

ስንመለስ ጋሼ ጃንጥላቸውንና አገልግሉን ካስቀመጡበት አነሡና ሙሴ የፊት በሩን ሲከፍትላቸው ገቡ። እኔ መካከላቸው ተቀመጥኩ። እስከ እንጦጦ ድረስ የጋሼ ትከሻ ላይ ተደግፌ ተኛሁ።

እትዬ በር ላይ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየች። የባሏን የተኮማተረ ልብስ፣ የታሰረ ጣታቸውን፣ የኔን ወገብ። "ነጠላው የት አለ?" አለችኝ። ጋሼ ቀደሙኝና፣ "እኔ ቀደድኩት። ሌላ እንገዛላታለን" አሏት። ማታውን ሙሉ ታሪኩን ነገሯት፤ እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ። ጣታቸውን ማውሳት ረሱ፣ የኔን ጥንካሬ ግን አልረሱም። እሷ እየሰማች ታለቅስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቤቱ አየር ተለወጠ። ጋሼ ማታ ማታ "ዛሬ ምን ሸጥሽ? ማንስ ተረበሽ?" ይሉኝ ጀመር። በጋራዡ በኩል ሲያልፉም ባርኔጣቸውን ያነሣሉ። ከጣልያኑ ጋር ወዳጅ ሆኑ አልልም፤ የአባት ደም ባንድ እሑድ አይረሳም፣ እሳቸውም ረሳሁ ብለው አያውቁም። አንድ ቀን ስጠይቃቸው፣ "እሱን ይቅር ለማለት እኔ ማን ነኝ? አባቴን የገደለው እሱ አይደለም። እኔን ያልጣለኝ ግን እሱ ነው" ብለውኛል።

ለገና ሰሞን ጋሼ፣ "ያቺ ያበላችንን ሴት ሳናመሰግን መቅረት ነውር ነው" አሉ። ሙሴ ካሚዮኑን አስነሣ። ስኳር፣ ሳሙናና እኔ ከሱቃችን የመረጥኩትን አበባ ያለበት ጨርቅ ይዘን አራታችን ሄድን። ከአፋፉ ቆመን ወደ ሸለቆው ስናይ ውኃው ቀጥኖ ክር መስሏል፤ ዝንጀሮዎች ኩሬው ዳር ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ ጋሼን በደረቅ ልብስ ስታይ አላወቀቻቸውም ነበር፤ ባወቀቻቸው ጊዜ እልል ብላ ሳመቻቸው። ከዚያ ወደኔ እያመለከተች አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ጋሼ አጭር መልስ ሰጧት። ሴትዮዋ ጉንጬን በሁለት እጇ ይዛ ሳመችኝ።

"ምን ብላ ነው የጠየቀቻቸው?" አልኩት መካኒኩን፤ ከጋራዡ ደንበኞች ጥቂት ኦሮምኛ ለምዶ ነበር።

"'ይቺ ማናት?' ነው ያለቻቸው።"

"እሳቸውስ?"

"'ልጄ ናት' አሏት።"

ብዙ ዘመን አለፈ። ሙሴ እዚሁ አገር አርጅቶ ሞተ። እትዬና ጋሼም ተራ በተራ ሄዱ። ሽማግሌ ሲላክብኝ የተቀበሉት፣ ስዳር የመረቁኝ፣ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና ያስነሡት ጋሼ ናቸው። ያን የገና ሰሞን ለምስጋና የማውቀው የኦሮምኛ ቃል "ገለቶማ" ብቻ ነበርና ለሴትዮዋ እየደጋገምኩ እሱኑ አልኳት። ወደ ካሚዮኑ ስንመለስ ጋሼ ከፊት ከፊቴ ሲሄዱ፣ እሳቸውንም በዚያው ቃል አመሰገንኳቸው። ዞር ብለው አነጋገሬን አረሙኝ።